የእናቴ መርሳትና የማድ ቤት ጭስ፦ መንደር ይቀየር ወይስ እሳቱ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው፤ ቤታችን ከዋናው አስፋልት ዳር፣ መኪና ቀንና ሌሊት የማያባራበት ቦታ ላይ ነው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። እኛን ያሳደገችን ለሠላሳ ዓመት ያህል በእንጨት እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው፤ ዛሬም ትጋግራለች። ከዓመት ወዲህ መርሳት አብዝታለች፤ የብር መልስ ታሳስታለች፣ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች። የተበከለ አየር አልዛይመር እንደሚያመጣ አንብቤ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ወደ ወረኢሉ ገጠር ልወስዳት አስቤያለሁ፤ እዚያ አየሩ ንጹሕ ነው። እኅቴ ደግሞ ‹ከሰል ጭስ ስለሌለው ወጡንም ቡናውንም በከሰል እናድርገው፣ አየር ማጣሪያ ማሽንም እንግዛ› ትላለች። ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ትነሳ? ወይስ አንጎሏ አንዴ ከተጎዳ በኋላ ምንም ብናደርግ ዋጋ የለውም?»

ወረኢሉ አይውሰዷቸው። ዘመድ ናፍቀው፣ ቀያቸውን ሽተው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለአየሩ ሲባል ከሆነ ግን ልፋቱ ትርፍ የለውም፣ እንዲያውም ሊብስባቸው ይችላል። ቅድሚያ የሚሰጠው የመርሳቱን መነሻ በሐኪም ማጣራት ነው። ቀጥሎ እናትዎን ከምጣዱ እሳት ማራቅ። ማጣሪያ ማሽንና ኤምአርአይ በእነዚህ ፊት ተራ አይደርሳቸውም።

«የተበከለ አየር አልዛይመር (ዋነኛውን የመርሳት በሽታ) ያመጣል» የሚለው አባባል ግማሹ ልክ ነው። ብክለት የመታመምን ዕድል ከሚጨምሩ ብዙ ነገሮች አንዱ ነው እንጂ፣ የወባ ትንኝ ወባን እንደምታመጣው ብቻውን በሽታውን ይዞ የሚመጣ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን የአየር ብክለትን ሊቀየሩ በሚችሉ የመርሳት በሽታ አጋላጮች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በ2024 ዝርዝሩ 14 ደረሰ፤ ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል ኮሚሽኑ። የአየር ብክለት ድርሻ ከዚህ ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ነው። ሕክምና ያላገኘ የመስማት ችግር 7፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል 7፣ በልጅነት ትምህርት አለማግኘት 5፣ ከሰው ተነጥሎ መኖር 5 በመቶ ተሰጥቷቸዋል። ደም ግፊት፣ ስኳርና ሕክምና ያላገኘ የዓይን ችግርም አሉበት። ይህ እንግዲህ የዓለም አማካይ ነው። ሠላሳ ዓመት እሳት ፊት ለተቀመጡ ሰው የጭሱ ድርሻ ከአማካዩ ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም ጥፋቱን በጭሱ ላይ ብቻ ጥለው ደም ግፊታቸውን ሳያስለኩ ከቀሩ ትልቁን በር ክፍት ትተውታል።

እ.ኤ.አ. በ2025 በካምብሪጅ ተመራማሪዎች የተመራ ሥራ 51 ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሯል፤ በጥናቶቹ የተካተቱት ሰዎች ከ29 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በ10 ማይክሮግራም በጨመረ ቁጥር የመርሳት በሽታ ዕድል 17 በመቶ ይጨምራል የሚል ውጤት ላይ ደርሷል። ይህን ቁጥር ሰዎች ሲሰሙ ከመቶ ሰው 17ቱ የሚታመም ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። በዕድሜያቸው ከ100 ሰው 10ሩ በሚታመሙበት ቦታ፣ ብክለቱ ሲጨምር 12 ገደማ ይሆናሉ ማለት ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከነዚያ ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ፣ አየሩ ከእኛ ማድ ቤት በብዙ እጥፍ በሚጠራባቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ 17ን በማድ ቤት ጭስ ልክ እያባዙ ማስላት አይሆንም፤ ብክለቱ እጅግ ከፍ ሲል የጉዳቱ አጨማመር እየለዘበ እንደሚሄድ በልብ በሽታ ላይ ታይቷል። ስለ ማድ ቤት ጭስ ለብቻው የሚናገሩት በቻይና፣ በሕንድና በሜክሲኮ የተሠሩ ጥናቶች ናቸው። እነሱም በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት የሚያበስሉ አዛውንቶች በማስታወስ ፈተና ላይ በንጹሕ ነዳጅ ከሚያበስሉት ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው አሳይተዋል።

«እናቴ አታስልም፣ ሳንባዋ ደህና ነው» ብለው እንዳይዘናጉ። ፒኤም 2.5 የሚባሉት ብናኞች ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ስለሚወፍር ከሃያ እጥፍ በላይ ይቀጥናሉ። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሯቸውም፤ የሳንባ መጨረሻ ከረጢቶች ድረስ ይገባሉ። እዚያ የሚቀሰቅሱት ብግነት በደም ይሰራጫል፣ የደም ሥር ግድግዳን ያደነድናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በዓመታት ብዛት የአንጎል ጥቃቅን ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ፤ ሰውየው ስትሮክ እንደያዘው እንኳ ሳያውቅ ትንንሽ የአንጎል ክፍሎች ይሞታሉ። ከ0.1 ማይክሮሜትር የሚያንሱት ደግሞ ሽታን ከአፍንጫ ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ በኩል በቀጥታ ሊያልፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በሜክሲኮ ሲቲና በእንግሊዟ ማንችስተር ይኖሩ በነበሩ ሰዎች አንጎል ውስጥ ከቃጠሎ የመጡ የሚመስሉ የማግኔታይት (የብረት ማዕድን) ቅንጣቶችን አግኝቷል። ዜናው ብዙ ተወራለት፤ ቅንጣት መገኘቱ ግን በሽታውን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም። ለእናንተ ጥቅም ያለው የደም ሥሩ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ግፊትን በመቆጣጠር የጭሱን ጉዳት በከፊል መመከት ይቻላል።

አሁን ወደ መንደር መቀየሩ እንምጣ። መንገድ ዳር መኖር ጉዳት የለውም አልልም። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ ቀዝቃዛው አየር ሌሊቱን ከሥር ተኝቶ ያድርና የማድ ቤቱን ጭስ ከከባድ መኪናው ጭስ ጋር ደራርቦ እስከ ረፋድ ይይዘዋል። በካናዳ ኦንታሪዮ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት ከዋና መንገድ በ50 ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ከ300 ሜትር በላይ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 7 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከ50 እስከ 100 ሜትር ሲሆን 4 በመቶ ነው፤ 200 ሜትር ካለፈ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ መንገዱን መራቅ ቢያስፈልግ እንኳ የሚያስፈልገው ጓሮ ያለ ክፍል ወይም አንድ ቅያስ ወደ ውስጥ መግባት ነው፣ ሌላ ወረዳ መሄድ አይደለም።

ከመንገዱ ይልቅ ምጣዱ ምን ያህል እንደሚከብድ በስሌት እንየው። ቁጥሮቹ የእናንተን ቤት ለክተን ያገኘናቸው አይደሉም፤ ለማነጻጸር የወሰድኳቸው ናቸው። ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት በእንጨት ሲጋገር ብናኙ ብዙ መቶ ማይክሮግራም ይደርሳል፤ 600 እንበል። እናትዎ በቀን ሦስት ሰዓት ይጋግራሉ፤ በቀሪው 21 ሰዓት ደግሞ የመንገድ ዳሩ ቤት አየር 30 ይሁን። የቀኑ አማካይ 101 ይመጣል። ከመንገዱ አርቀናቸው 30ው ወደ 20 ቢወርድና መጋገሩ ቢቀጥል፣ አማካዩ 93 ገደማ ነው። ቤቱን ሳንነካ እሳቱን ብቻ ብናስቀር ግን 30 ላይ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት የሚፈቀደው 15፣ ለዓመት አማካይ ደግሞ 5 ማይክሮግራም ስለሆነ 30ም ቢሆን ንጹሕ አይባልም። የትኛው እርምጃ ክብደት እንዳለው ግን ግልጽ ነው።

ወረኢሉ ማሳው ላይ ያለው አየር በእርግጥ ንጹሕ ነው። ሰው ሌሊቱንና ጠዋቱን የሚተነፍሰው ግን ቤት ውስጥ ያለውን ነው። እንጨት በጠፋበት ደጋ፣ ወረኢሉም ይሁን ደላንታ ወይም መቅደላ፣ ብዙ ቤት የሚያነደው ኩበት ነው። ኩበት ለተመሳሳይ ምግብ ከደረቅ እንጨት የበለጠ ጭስ የሚያወጣ ማገዶ ነው፤ ቤቱም ብርድ ስለሚፈራ መስኮቱ ጠባብ ነው ወይም የለም። መብራት ባልገባበት ደግሞ ኩራዝ ይጨመራል። የኩራዝ ክር ከሚያቃጥለው ላምባ ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነውን ወደ ጥቁር ጥላሸት ይቀይረዋል፤ ጠዋት ላይ ከአፍንጫ የሚወጣው ጥቁር ነገር እሱ ነው። የካምብሪጁ ትንተና ይህን ጥላሸት ለብቻው አይቶት በአንድ ማይክሮግራም ጭማሪ ብቻ ተጋላጭነቱ 13 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል። ገጠር ያሉ ዘመዶቻችሁን መርዳት ከፈለጉ ኩራዙን በትንሽ የፀሐይ መብራት ይተኩላቸው፤ ከርካሾቹ መፍትሔዎች አንዱ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ መርሳት የጀመረን ሰው ከለመደው ቤት፣ ከጎረቤትና ከደንበኛ ነጥሎ አዲስ ቦታ ማስቀመጥ ግራ መጋባቱን ያባብሳል።

የእኅትዎ ሐሳብ ከእርስዎ ሐሳብ የከፋ አደጋ አለበት። ከሰል ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር ተጣብቆ ኦክስጅን ያሳጣል፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቀድሞውንም ያነሰ ነው፣ ጉዳቱም ቶሎ ይደርሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህን ነው፦ በከሰል ታፍኖ የነቃ ሰው ደህና ሆኖ ከሰነበተ በኋላ፣ ከጥቂት ቀን እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ድንገት መርሳት፣ መንቀርፈፍ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ሊጀምረው ይችላል። ጉዳቱ እንቅስቃሴን የሚመሩትን የአንጎል ክፍሎች ስለሚመታ ፓርኪንሰን (መንቀጥቀጥና መንቀርፈፍ የሚያመጣውን የአንጎል በሽታ) የሚመስል መልክም አለው። እናትዎ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ፍም መኝታ ቤት አስገብተው ያውቁ እንደሆነ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዟቸው ነቅተው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁና ለሐኪሙ ይንገሩ። ከሰል የግድ ከሆነ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍሙ ሙሉ በሙሉ ከቀላ በኋላ ይግባ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ከመተኛት በፊት ምድጃው ራሱ ከቤት ይውጣ። አመድ ማልበስ አይበቃም፤ አመድ ሥር ያለ ፍም ጋዙን ሌሊቱን ሙሉ ያወጣል። የታፈነ ሰው ካጋጠመ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ማድረስ ነው፤ ሎሚ ማሽተትና ወተት ማጠጣት ጊዜ ከማባከን ሌላ ጥቅም የለውም።

ወተትን ካነሳን አይቀር፣ «ከጭስ በኋላ ወተት መጠጣት ሳንባን ያጥባል» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። ነጠላን በአፍንጫ ላይ መጣልም፣ ሐኪም ቤት የሚታደለው ሰማያዊ ማስክም ደቃቁን ብናኝ ብዙም አያስቀርም። ኤን95 የሚባለው ማስክ ፊት ላይ ሳይከፈት ከገጠመ ብናኙን ይይዛል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይዝም፤ በጭስ ከጠቆረና መተንፈስ ካከበደ መጣል አለበት። ምጣዱ እስኪቀየር ላሉት ሳምንታት እንደ ማቆያ ይሁን እንጂ መፍትሔ አይደለም። ማጣሪያ ማሽንም ሄፓ የተባለው ወንፊት ካለው በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ብናኝን ይቀንሳል። ማድ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ወንፊቱ በቅባትና በጥላሸት ቶሎ ይደፈናል፤ ጋዙን አያጠራም፣ መብራት ሲጠፋም ቆሞ ይቀራል። ያንን ገንዘብ ለኤሌክትሪክ ምጣድና ለመስመሩ ያውሉት።

ወደ ምርመራው። ስም መርሳትና ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት በ66 ዓመት የተለመደ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠሩትን ሥራ ቅደም ተከተል መሳት ግን የዕድሜ ነገር አይደለም፦ አብሲቱን መቼ እንደሚጥሉ መርሳት፣ የቦካውን ሊጥ ድጋሚ እርሾ መጨመር፣ መልስ ማሳሳት። «መጃጀት ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም መርሳት ከሚያመጡት ነገሮች መካከል የሚታከሙ አሉ። የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ማነስ ምርመራ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ይጀመራል። ቀጥሎ የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) ሆርሞን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ኩላሊት፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ። አዮዲን በሚያጥርበት ደጋ ታይሮይድን መዝለል አይገባም፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ብዙም የማይቀምሱ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ ከሆነ ቢ12ን መዝለልም እንዲሁ። የሚወስዱትን እንክብል ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚወሰደው ክሎርፌኒራሚን በአዛውንት ላይ መርሳትን ያመጣሉ፤ መድኃኒቱን ማቆም ብቻ የሚያሻሽለው ሰው አለ። ድብርትም መርሳትን ይመስላል።

ጆሮና ዓይን መታየት አለባቸው። የማይሰማ ሰው የተነገረውን «የረሳ» ይመስላል፤ አንዳንዴ ጉዳዩ የደረቀ የጆሮ ኩክ ሆኖ ይገኛል። ጭስ ፊት የኖረ ዓይን ደግሞ በሞራ የመጋረድ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ መልስ የሚያሳስቱት ብሩን ስለማያዩት ይሁን ስለሚረሱት መለየት ያስፈልጋል። ለዓይኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው። ምስል ማንሳት ሁልጊዜ የግድ አይደለም፤ ባለፉት ወራት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ፣ መርሳቱ በሳምንታት ውስጥ ከተባባሰ፣ አዲስ ራስ ምታት ወይም የአንድ ወገን መድከም ካለ ሲቲ ስካን በአስቸኳይ ያስፈልጋል። በነዚህ ምልክቶች ጊዜ ኤምአርአይ ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም፤ በአንጎል ሽፋን ሥር የፈሰሰ ደም በሲቲ ይታያል፣ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል። ግፊት ከተገኘ መድኃኒቱ በየቀኑ ነው፤ የላይኛው ቁጥር 130 አካባቢ እንዲሆን ማለም አንጎልን ይጠብቃል። «ሲያመኝ ብቻ እውጣለሁ» የሚባለው አወሳሰድ የስትሮክ መንገድ ነው።

ምድጃውን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ ለንግድ የሚጋገረው ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይዙር። እዚህ ላይ ስሕተት የሚሠራው መስመሩ ላይ ነው። ምጣዱ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ለአምፖል የተዘረጋ የ1.5 ሚሊ ካሬ ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ቤት ይቃጠላል። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚነሳ የ4 ሚሊ ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል፤ በማራዘሚያ ገመድ በፍጹም አይሠራም። ቆጣሪው ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ መጣድ አይቻልም። ማታ ሁሉም ሲያበራ ኃይሉ ስለሚወርድ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም፤ ስለዚህ ንጋት ላይ ወይም ከሰዓት መጋገር ይሻላል። አንዱ እንጀራ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢወስድ 60 እንጀራ ከማሟሟቂያው ጋር ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ የሚፈጀው ከ9 እስከ 11 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ከአንድ ቀን የእንጨት ወጪ ጋር ራሳችሁ አስሉት።

መብራት ስለሚጠፋ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፣ ለዚያም ምርጥ ምድጃ ይሁን። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ይህ ተገጣጣሚ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ማገዶ ቆጠበ ማለት ግን ጭሱም በግማሽ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ የቀረው ጭስ መውጫ ካላገኘ ፊታችሁ ላይ ነው። መገጣጠሚያዎቹ በጭቃ ይመረጉ፣ ምጣዱም ከምድጃው አፍ ጋር ልክ ይሁን፤ ክፍተት ካለ ጭሱ በአክንባሎው ሥር ይወጣል። የቆርቆሮ ጭስ ማውጫው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በየወሩ ጥላሸቱ ካልተራገፈ ይዘጋል። የሣር ጣሪያ ከሆነ ቱቦው በዙሪያው በቆርቆሮና በጭቃ ካልተለየ እሳት ይነሳል። እንጨቱ ተፈልጦ ከዝናብ ተከልሎ ለወራት የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከእሳት ይልቅ ጭስ ነው። ፌስታልና የጎማ ቁራጭ ማቀጣጠያ መሆናቸው ይቅር። ብዙ ቤት የሚሳሳተው አዲሱን ገዝቶ አሮጌውን ጉልቻ ጎን ለጎን ማንደዱን ሲቀጥል ነው፤ ያኔ ከጭሱ የሚቀነስ ነገር አይኖርም።

ቤቱን በተመለከተ የእናትዎን አልጋ ከአስፋልቱ ወደ ራቀው ክፍል ይውሰዱ። የመንገድ ዳሩን መስኮት ጠዋትና ማታ ዝጉት፣ ፀሐይ ጠንከር ሲል ክፈቱት። ቡናው ይቅር አልልም፤ ዕጣኑና ሰንደሉ ግን በተዘጋ ክፍል ሲጨስ ብናኙ ከምጣድ ጋር ይፎካከራልና መስኮት ተከፍቶ፣ ከሳቸው ራቅ ብሎ፣ በጥቂቱ ይሁን። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥሎ «በሽታ ማባረር» የሚባለው ልማድ፣ ፕላስቲክ በበዛበት በዛሬው ቆሻሻ፣ በሽታ መጋበዝ ሆኗል፤ በዚያ ቀን አዛውንትና ሕፃን ቤት ቢውሉ ይሻላል።

ፓርኪንሰንን ስላነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአየር ብክለት ጋር ያለው ግንኙነት ከመርሳት በሽታ ይልቅ ደካማ ነው። የኦንታሪዮው ጥናት በመንገድ ዳር መኖርና በፓርኪንሰን መካከል ግንኙነት አላገኘም። ለዚህ በሽታ የሚያሰጋው የሥራ ቦታ ነው፦ በቆቦ ሜዳ አትክልት ላይ ያለ መከላከያ ፀረ ተባይና ፀረ አረም የሚረጩ፣ በተለይ ፓራኳት የሚባለውን ፀረ አረም የሚነኩ ሰዎች፤ በጠባብ ጋራዥ ውስጥ የሚበይዱ ብየዳ ሠራተኞች። የብየዳ ጭስ ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ አንጎል ውስጥ ተከማችቶ የሚያመጣው መንቀጥቀጥና መንቀርፈፍ ለተለመደው የፓርኪንሰን መድኃኒት በደንብ አይታዘዝም። እጅና እግራቸው ካልከበደ፣ ካልተንቀጠቀጠ ይህ የእናትዎ ጉዳይ አይደለም።

«ዋጋ የለውም» ላሉት ደግሞ፦ የሞተ የአንጎል ሕዋስ አይመለስም፤ በሽታው አልዛይመር ከሆነም ያሉት መድኃኒቶች ቢረዱ ለጊዜው ያግዛሉ እንጂ አያድኑም። ነገር ግን በአሜሪካ ዕድሜያቸው 74 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በሰፈራቸው አየሩ እየጠራ የሄደላቸው በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ሰባ ዓመት ካለፈም በኋላ የተቀነሰ ጭስ ትርፍ አለው፤ በግፊትና በልብ ላይ ያለው ትርፍ ደግሞ ፈጥኖ ይታያል።

ከእሳቱ ሲያርቋቸው ከሥራው አያርቋቸው። ምጣዱን ለኩሶ የሚረሳ ሰው ብቻውን ማድ ቤት መቆየት የለበትም፤ ቃጠሎ ይደርሳል፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱም ሳይጠፋ ያድራል። ሊጡን ማቡካት፣ አብሲቱን ከሰው ጋር መጣል፣ እንጀራውን መቁጠር፣ ደንበኛ ማጫወት ግን ይቻላቸዋል፤ ሒሳቡን ሌላ ሰው ይያዝ። እኅትዎ ምጣዱን የሚረከቡ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ እስኪገባ ድረስ ከሌላ ሰው ጋር በየቀኑ እየተፈራረቁ እንጂ አንድ ሰው ብቻውን እሳቱ ፊት አይዋል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ከዛሬ ጀምሮ በእንጨት መጋገሩ ይቅርባቸው፤ ልጅ አዝሎ መጋገርም እንዲሁ።